መስመሩ ዜሮ ገባ፣ ሥራው ግን አላለቀም፤ በርንዳውን ቻርቱን እንተወው ወይስ እናስተካክለው?

የመነሻ ጥያቄ

ሰላም ለሁላችሁም። ሦስት ወር ሙሉ ሲያብሰለስለኝ የቆየ ነገር ስላለ ልጠይቃችሁ።

ሰባት ሰዎች ነን። አምስት ዴቨሎፐር፣ አንዲት ቴስተር (ሥራውን የምትፈትሽ)፣ አንድ ፕሮዳክት ኦነር (ምን እንደሚሠራ የሚወስን)። ስፕሪንታችን፣ ማለትም አንዱ የሥራ ዙር፣ አሥር የሥራ ቀን ነው። ስንጀምር 42 ፖይንት (የሥራ መጠን ግምት) ያህል ሥራ እንይዛለን። በርንዳውን ቻርታችን፣ የቀረውን ሥራ በየቀኑ በመስመር የሚያሳየው፣ ሁሌም አንድ ዓይነት መልክ ነበረው። እስከ ሰባተኛው ቀን መስመሩ ከላይ ተኝቶ ይከርማል። 42፣ 42፣ 40፣ 38። በዘጠነኛውና በአሥረኛው ቀን ከገደል እንደተለቀቀ ድንጋይ ቁልቁል ይወርዳል። ያም ሆኖ ዜሮ አይደርስም። 11 ወይም 12 ላይ ይቀራል።

በኋላ አንድ የበላይ ኃላፊ ቻርቱን በየሰኞ ጠዋቱ በኢሜይል እንድልክላቸው ጠየቁኝ። ላክሁ። በሁለተኛው ሳምንት መስመሩ ለምን እንደማይወርድ ጠየቁ። በቁጣ አልነበረም። ግን ጥያቄው ስታንድአፕ (የየዕለቱ አጭር ስብሰባ) ላይ ተነሳ፣ ሁሉም ሰማ።

በቀጣዩ ስፕሪንት መስመሩ አማረ። ከላይኛው ግራ ጥግ እስከ ታችኛው ቀኝ ጥግ፣ በማስመሪያ የተሰመረ ይመስል ነበር። በአሥረኛው ቀን ዜሮ። ደስ አለኝ፣ አልዋሽም። ተከታዩ ስፕሪንትም እንዲሁ ዜሮ ገባ። ከዚያ ለደንበኛው የምናስረክብበት ቀን ደረሰ። ማስረከብ አልቻልንም። በሦስት ሳምንት ገፋነው።

አንድ ማታ ቁጭ ብዬ የተዘጉትን ቲኬቶች (የእያንዳንዱን ሥራ መዝገብ) አንድ በአንድ ከፈትኳቸው። ለምሳሌ የክፍያ ደረሰኝ በፒዲኤፍ የሚያወጣው ሥራ 8 ፖይንት ነበር። በስድስተኛው ቀን ተዘግቷል። እዚያው ገጽ ታች ላይ በዚያው ሰዓት የተከፈተ ሌላ ቲኬት ተያይዟል። ርዕሱ የደረሰኙ ቴስት ነው። ፖይንት የለውም። የተቀመጠው የሚቀጥለው ስፕሪንት ውስጥ ነው። እንዲህ ዓይነት 14 ቲኬት ቆጠርኩ። ማንም ተመካክሮ አላደረገውም። እያንዳንዱ በየራሱ መስመሩ እንዲወርድ ብሎ ያደረገው ነው።

ጥፋቱ የቻርቱ ነው የኛ? ቻርቱን ብንተወውስ የቡድኑን አካሄድ በምን እናያለን?

(ምላሾቹ እየበዙ ስለሄዱ፣ ኋላ ለሚመጣ አንባቢ እንዲቀለው በየቁጥራቸው ጠቅለል አድርጌ እዚሁ ስር አስቀምጫለሁ። የራሴንም ስሜት አልደበቅሁም።)

ምላሽ 1

የመጀመሪያው መላሽ በትህትና ጀመረ። ለአዲስ አንባቢ ብሎ መሠረቱን አስቀመጠ። ቁመቱ የቀረ ሥራ፣ አግድሙ ቀን። በሰያፍ የሚሰመረው መስመር ጠቅላላውን ሥራ ለቀናት ማካፈል ብቻ ነው። በቀን 4.2 ፖይንት እያለ የሚሄድ ቡድን የለም፤ ስለዚህ ያንን መስመር እንደ ዕቅድ ማየት ስህተት ነው አለ። ቀጥሎ አንድ ጥያቄ ጠየቀኝ። እኛ ዘንድ ሥራ አለቀ የሚባለው መቼ ነው? ኮዱ ሲጻፍ፣ ሲፈተሽ ወይስ ተጠቃሚው እጅ ሲገባ? መልስ ብፈልግ አጣሁ። ተጽፎ የተቀመጠ ስምምነት አልነበረንም። ስምምነት ሳይኖረን ነው መስመር ስንስል የከረምነው።

ምላሽ 2

ስክረም ማስተር ነው፤ ስክረም በሚባለው የቡድን አሠራር ቡድኑን የሚያግዝ ሰው። ከ1 ጋር ተስማማና አንድ ብዙ ሰው የማያውቀውን ነገር ጨመረ። በርንዳውን ቻርት የስክረም ግዴታ አይደለም። የስክረም መመሪያው እ.ኤ.አ. በ2011 ሲሻሻል ግዴታነቱ ቀርቷል። በ2020ው እትም ላይ ስሙ የሚነሳው ከበርንአፕና ከኪዩሙሌቲቭ ፍሎው (ምላሽ 5 እና 11 ላይ ከሚብራሩት ሌሎች ቻርቶች) ጋር ነው፤ አካሄድን ለመገመት ከሚረዱ ልማዶች እንደ አንዱ ማለት ነው። እዚያው ላይ እነዚህ ነገሮች ሥራውን ራሱን እያዩ መማርን እንደማይተኩ ተጽፏል። እኔ ይሄን እስካነብ ድረስ ቻርቱን መተው የሚቻል አይመስለኝም ነበር።

ምላሽ 3

ይሄን ምላሽ ሦስት ጊዜ አነበብኩት። የጻፈችው ቴስተር ናት፣ እንደኛዋ ብቻዋን የምትሠራ። ቻርቱ ላይ ገደል ሆኖ የሚታየው ነገር ከሷ ወንበር ሲታይ ምን እንደሚመስል ነገረችን። ዘጠነኛው ቀን፣ ከሰዓት በኋላ። እስከዚያ ባዶ የነበረው የሥራ ቦርዱ የቴስት ዓምድ በሁለት ሰዓት ውስጥ 11 ካርድ (ቲኬት) ይይዛል። እያንዳንዱ ዴቨሎፐር የራሱ ትንሽ እንደሆነ ይነግራታል። አንዱን ከፍታ ስትሞክር የመለያ (ሎግኢን) ገጹ ራሱ አይከፈትም። ስለሱ ጽፋ ሳትጨርስ ሁለተኛው ሰው መጥቶ የሱ ደርሶ እንደሆነ ይጠይቃል። በማግስቱ ሪቪው፣ የተሠራው የሚታይበት ስብሰባ፣ አለ። ካርዶቹ እንደምንም ወደ መጨረሻው ዓምድ ይገፋሉ። በሚቀጥለው ሳምንት ስህተቶቹ እንደ አዲስ ሥራ ተመልሰው ይመጣሉ።

መጨረሻ ላይ እኔን ጠየቀችኝ። 14ቱን ቲኬቶች ስቆጥር ቴስተራችንን አናግሬያት ነበር? አላናገርኳትም። ሰባት ሰው ብዬ ቆጥሬያት መረጃውን ግን ከቦርዱ ብቻ ነው የወሰድኩት። በማግስቱ ሄጄ ሳናግራት ሁሉንም ታውቅ ነበር። ሁለት ጊዜ ሬትሮ (ስፕሪንቱ እንዴት እንደሄደ የምንነጋገርበት ስብሰባ) ላይ አንስታው ነበር፣ እኔ ማስታወሻ ይዤ አልፌዋለሁ።

ምላሽ 4

አጭር እርማት ነው፣ በተለይ ለ1። ቻርቱ ቁልቁል ብቻ የሚሄድ አድርጎ ማስረዳት ትክክል አይደለም አለ። ቀሪ ሰዓት የሚከታተሉ ቡድኖች ሥራው ከታሰበው በላይ ሲከብድ ግምታቸውን ስለሚያድሱ መስመሩ ሽቅብም ይወጣል። በፖይንት ሲሆን ግን ወይ ሁሉም ወይ ምንም ነው። 8 ፖይንት የተሰጠው ሥራ እስኪያልቅ ድረስ አንድም ፖይንት አይቀንስም። ስለዚህ የኛ መስመር ሰባት ቀን የሚተኛው ሰው ስላልሠራ ላይሆን ይችላል፣ ካርዶቹ ትልልቅ ስለሆኑ ነው። በአንድ ወይም በሁለት ቀን የሚያልቅ መጠን ላይ ብንሰነጥቃቸው መስመሩ ያለ ማንም ግፊት ይንቀሳቀሳል። መሰንጠቅ ሲባል ግን ቴስቱን ነጥሎ ማውጣት እንዳልሆነ ደጋግሞ አስጠነቀቀ። ልክ ነው፣ እኛ የሠራነው እሱኑ ነው።

ምላሽ 5

ከገጠመኞቹ ሁሉ በጣም የጠቀመኝ ይሄ ነው። ጸሐፊው የነበረበት ፕሮጀክት የጀመረው በ120 ፖይንት ነው። ከሦስት ስፕሪንት በኋላ በርንዳውን ቻርቱ ላይ የቀረው 118 ነበር። ስድስት ሳምንት ተሠርቶ ሁለት ፖይንት። ስብሰባ ተጠራ፣ ቡድኑ ሰነፍ ተባለ። አንዷ ዴቨሎፐር ያኔውኑ ነጭ ሰሌዳ ላይ ሁለት መስመር ሳለች። የላይኛው ጠቅላላ የሥራ መጠን፣ የታችኛው ያለቀ ሥራ። ያለቀው 66 ፖይንት ነበር። በዚያው ጊዜ የተጨመረው 64። ማለትም ቡድኑ እየሮጠ ነበር፣ የመድረሻው መስመር ግን እሱም አብሮ እየሮጠ ነበር።

በርንአፕ የሚባለው ይሄ ነው። በርንዳውን ሁለቱን ነገሮች አቀናንሶ አንድ ቁጥር ያደርጋቸዋል። በርንአፕ ለያይቶ ያሳያል። ስብሰባው ላይ የነበረው ጥያቄም ወዲያው ተቀየረ ይላል። ማን ሰነፈ የሚለው ቀርቶ ሥራውን ማን እየጨመረ ነው ወደሚለው ዞረ።

ምላሽ 6

እኚህ ራሳቸው ኃላፊ ናቸው። እስካሁን የተጻፈውን አንብበው ትንሽ ቅር እንዳላቸው ያስታውቃል፣ ግን በጨዋነት ነው የጻፉት። ደንበኛው መቼ እንደሚረከብ የሚጠይቀው እሳቸውን ነው። ገንዘብ የሚለቀው አካል የሚጠይቀው እሳቸውን ነው። ቻርት አትጠይቁ ከተባለ ምን እንጠይቅ ነው የሚሉት። እንደሚመስለኝ ትክክለኛ ጥያቄ ነው። መስመር ይውረድልኝ ብለው አያውቁም፤ ለምን አልወረደም ብለው ጠይቀው ግን ያውቃሉ። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት ለጠያቂው ግልጽ ነው። ከታች ሆኖ ለሚሰማው ግን አንድ ነው። እኔም ስታንድአፕ ላይ ያየሁት እሱን ነው።

ምላሽ 7

ክሩ እዚህ ላይ ጋለ። 7ኛው መላሽ 6ኛውን በቀጥታ ተናገራቸው። ሁለት ቡድኖችን በቬሎሲቲ (በአንድ ስፕሪንት በሚጨርሱት ፖይንት) ያወዳደረ ኃላፊ ገጥሞት ነበር። አንዱ ቡድን 30፣ ሌላው 60። ባለ 30ው ተወቀሰ። በሦስት ወር ውስጥ እሱም 60 ገባ፤ ቀድሞ 3 ይባል የነበረው ሥራ 5፣ ከዚያ 8 እየተባለ። የተሠራው ሥራ ያው ነው። ፖይንት እንደ ኪሎ ወይም እንደ ሜትር የጋራ መለኪያ አይደለም፣ እያንዳንዱ ቡድን ለራሱ የሚያወጣው ግምት ነው። እዚህ ድረስ ትክክል ነው። እ.ኤ.አ. በ2001 አሥራ ሰባት ሰዎች የፈረሙበት የአጃይል ማኒፌስቶ (ስለ ሶፍትዌር አሠራር የወጣ መግለጫ) መርሆዎች ውስጥ የእድገት ዋናው መለኪያ የሚሠራ ሶፍትዌር መሆኑን ማስታወሱም ጥሩ ነበር።

ግን ኃላፊዎችን በጅምላ ሥራ የሌላቸው ማለቱ አስፈላጊ አልነበረም። ሰውየው ጥያቄ ነው የጠየቁት። ይሄንኑ እዚያው ስር ጽፌለታለሁ።

ምላሽ 8

ነገሩን ያረጋጋ ሰው ነው። 7ኛው የተናገረው ክስተት ስም አለው አለ። እንግሊዛዊው የምጣኔ ሀብት ባለሙያ ቻርለስ ጉድሃርት እ.ኤ.አ. በ1975 ስለ ገንዘብ ፖሊሲ ሲጽፍ፣ አንድ አኃዝ ለቁጥጥር ሲውል ያ ይታይ የነበረው ተዛምዶ እንደሚፈርስ አስተዋለ። ዛሬ በሰፊው የሚታወቀውን አባባል የሰጠችው ደግሞ አንትሮፖሎጂስቷ ማሪሊን ስትራተርን ናት፣ በ1997። መለኪያ ግብ ሲሆን ጥሩ መለኪያነቱ ያከትማል የሚል ሐሳብ ነው። የኛ መስመር ከሰኞው ኢሜይል በፊት አስቀያሚ ነበር፣ ግን እውነት ይናገር ነበር። ከኢሜይሉ በኋላ አማረና ዝም አለ። ይሄን ያየው 8ኛው ነው፣ እኔ ቃሉን ብቻ ነው የቀየርኩት።

ምላሽ 9 እና 10

ሁለቱ ከርዕሱ ወጡ፣ ግን አልከፋኝም። 9ኛው የሥራ ቻርት ታሪክ ውስጥ ገባ። ሄንሪ ጋንት በ1910ዎቹ ስሙን ከሰጠው ቻርት ቀደም ብሎ፣ ፖላንዳዊው መሐንዲስ ካሮል አዳሚየትስኪ እ.ኤ.አ. በ1896 ሃርሞኖግራም የሚባል ተመሳሳይ ነገር ሠርቶ ነበር። 10ኛዋ ደግሞ ስለ ወረቀት አወራች። የእሷ ቡድን ቻርቱን ግድግዳ ላይ ለጥፎ በየጠዋቱ በማርከር ነጥብ ያደርጋል። ማርከሩን የሚይዘው ሰው በየቀኑ ይለዋወጣል። ስክሪን ላይ ያለ ዳሽቦርድ ማንም አይከፍተውም፣ ግድግዳ ላይ ያለውን ግን ውኃ ሊቀዳ የሄደ ሰው ሁሉ ያየዋል አለች። ቀይና አረንጓዴ ለይቶ ማየት የማይችል ባልደረባ ስለነበራቸውም ቀለሙን ትተው አንዱን መስመር ድፍን፣ ሌላውን ቁርጥርጥ አደረጉት። ይሄ ከርዕሱ ውጪ ነው ብላ ይቅርታ ጠየቀች። እኔ ግን ግድግዳውን ወስጄዋለሁ።

ምላሽ 11

ወደ ጉዳዩ የመለሰን ይሄ ነው። ከመነሻ ጥያቄው ቁጥሮቹን ወስዶ አሰላልኝ። ቴስት የሚጠብቁ 14 ቲኬቶች አሉ። አንዲት ቴስተር በቀን ሁለት ትጨርሳለች እንበል አለ። 14 ለ2 ሲካፈል 7። ዛሬ ወረፋው ላይ የሚቀመጥ ካርድ እስኪወጣ ሰባት የሥራ ቀን ይፈልጋል። የአሥር ቀን ስፕሪንት ውስጥ ሰባቱ ወረፋ ላይ ሄደ ማለት ነው። ጆን ሊትል እ.ኤ.አ. በ1961 በሒሳብ ያረጋገጠው የሊትል ሕግ መሠረቱ ይሄ ነው። በመንገድ ላይ ያለው ሥራ በአማካይ ለሚያልቀው ሲካፈል አንድ ሥራ የሚወስደውን አማካይ ጊዜ ይሰጣል። ቁጥሩን ወደ ስድስት ብናወርደው ሦስት ቀን ይበቃል። ማንም ፈጥኖ ሳይሠራ።

ይሄን በዓይን የሚያሳየው ኪዩሙሌቲቭ ፍሎው ነው ይላል። ለያንዳንዱ የቦርዱ ዓምድ አንድ ባለ ቀለም ንጣፍ። የንጣፉ ቁመት እዚያ ያለውን የሥራ ብዛት፣ አግድም ስፋቱ ደግሞ በግምት የሚፈጀውን ጊዜ ያሳያል። የቴስቱ ንጣፍ በየቀኑ እየወፈረ ከሄደ መደበቂያ የለም። ያለፈውን ስፕሪንት መረጃ አስገብቼ ሳልኩት። ከአራተኛው ቀን ጀምሮ መወፈሩ ቁልጭ ብሎ ይታያል። በርንዳውኑ ዜሮ እየገባልኝ በነበረበት በዚያው ስፕሪንት።

ምላሽ 12

11ኛውን አረመ፣ ቆጣ ብሎ። ሕጉ የአማካይ ሕግ ነው፣ የሚገባውና የሚወጣው በጊዜ ሂደት ሲመጣጠን ነው የሚሠራው። የኛ ወረፋ እየረዘመ ስለሆነ ሰባት ቀን የሚለው ለዛሬ ብቻ ነው፤ ከሳምንት በኋላ የሚገባው ካርድ ከዚያ በላይ ይጠብቃል። አስቸኳይ እየተባለ ወረፋ የሚቆርጥ ካርድ ካለ ደግሞ የሌሎቹ ጊዜ ይበላሻል። ስለዚህ ቁጥሩን ለደንበኛ ቃል መግቢያ እንዳላደርገው አስጠነቀቀኝ። ድምፁ ቢከብድም የተናገረው ትክክል ነው። 11ኛውም ተቀበለው።

ምላሽ 13

3ኛዋ ተመለሰች። የሊትልን ሕግ ቴስተሮችን መግረፊያ እንዳናደርገው ለመነችን። በቀን ሁለት የሚለው ቁጥር የሷ ፍጥነት ሆኖ ከተወሰደ በሚቀጥለው ወር ሦስት በይ ይባላል። መፍትሔው የቴስት ዓምድ ላይ ገደብ ማድረግ ነው አለች። አራት ካርድ ከሞላ ዴቨሎፐሩ አዲስ ሥራ አይጀምርም፤ መጥቶ አብሮ ይፈትሻል። እሷ ያለችበት ቡድን ሲጀምረው ዴቨሎፐሮቹ ለሁለት ሳምንት አጉረምርመዋል። ከዚያ ካርድ ከማስተላለፋቸው በፊት ራሳቸው መክፈት ጀመሩ። የመለያ ገጹ ችግር ያኔ ቀረ።

ምላሽ 14

ፖይንት ራሱ ይቅር ባይ ነው። የ2001ዱን ማኒፌስቶ ከፈረሙት አንዱ ሮን ጄፍሪስ፣ ስቶሪ ፖይንትን (እኛ ፖይንት የምንለውን) ምናልባት እኔ ሳልፈጥር አልቀርም፣ ከሆነም አዝናለሁ የሚል ሐሳብ መጻፉን አስታወሰ። በየሳምንቱ ያለቁትን ካርዶች ብቻ ቆጥሮ፣ ከዚያ ውስጥ በዕጣ እያወጡ በኮምፒውተር ሺህ ጊዜ መደጋገም ይበቃል ነው የሚለው። ሞንቴ ካርሎ ይሉታል። የሚወጣው መልስ አንድ ቀን ሳይሆን ከነዕድሉ የተቀመጠ የቀናት ክልል ነው። ሐሳቡ ይማርካል። ለኛ ግን ገና ነው፤ አለቀ የምንለው ነገር ሳይስተካከል የምንቆጥረው ካርድም ያው ይዋሻል።

ምላሽ 15

6ኛው ኃላፊ ተመልሰው መጡ። 7ኛውን አላነሱትም። ከዚህ በኋላ ቡድናቸውን የሚጠይቁት ሁለት ነገር እንደሆነ ጻፉ። ካለፈው ሰኞ ወዲህ ምን ተጨመረ? በጣም ረጅም ጊዜ የቆመው ካርድ የቱ ነው፣ ምንስ ላግዝ? ይሄን ኮፒ አድርጌ ለኛ ኃላፊ ላክሁላቸው።

ምላሽ 16 እና 17

አንድ ጀማሪ በርንአፕ ያለ ልዩ ሶፍትዌር እንዴት እንደሚሠራ ጠየቀ። 17ኛው መለሰለት። ኤክሴል ላይ ሦስት ዓምድ፤ ቀን፣ ጠቅላላ መጠን፣ ያለቀ። በየቀኑ አንድ ረድፍ መጨመር፣ ሁለቱን ዓምዶች የመስመር ቻርት ማድረግ። ከአምስት ደቂቃ በላይ አይፈጅም።

ምላሽ 18፣ የኔ

ምን እንዳደረግን ልጻፍ። በመጀመሪያ ሰባታችን ተቀምጠን አለቀ ማለት ምን እንደሆነ በአራት መስመር ጻፍን። የመጀመሪያውን መስመር ያለችው ቴስተራችን ናት፤ ከጸሐፊው ሌላ ሰው ያልሞከረው ሥራ አላለቀም። 14ቱን የቴስት ቲኬቶች ወደየእናታቸው መለስናቸው። የቴስት ዓምድ ላይ አራት የሚል ቁጥር ለጠፍን። ግድግዳው ላይ ትልቅ ወረቀት ሰቅለን ሁለት መስመር ጀመርን፣ አንዱ ድፍን፣ አንዱ ቁርጥርጥ።

የመጀመሪያዎቹ ሦስት ቀናት ያለቀው መስመር ዜሮ ላይ ነበር። ልቤ ተሰቅሎ ነው የሰነበትኩት። ሰኞ የላክሁት ቻርት እሱ ነው። ኃላፊው የጠየቁኝ የትኛው ካርድ እንደቆመ ብቻ ነው። በአራተኛው ቀን ጠዋት ማርከሩ የፕሮዳክት ኦነራችን ተራ ነበር። ማታ የጨመረው ባለ 8 ፖይንት ሥራ ስለነበር የላይኛውን መስመር ከ42 ወደ 50 ከፍ ማድረግ ነበረበት። ነጥቡን አደረገ፣ መስመሩን አገናኘ፣ ከዚያ ማርከሩን ሳይከድን ወረቀቱ ፊት ቆሞ ቀረ። ትንሽ ቆይቶ ዞር አለና ከያዝነው ውስጥ የቱን ብናወጣ እንደሚሻል ጠየቀን። ደረሰኙን በኢሜይል የሚልከውን ሥራ አወጣን። እሱም 8 ነበር።

አሁን ያልተስማማንበት አንድ ነገር አለ። የላይኛው መስመር ተመልሶ ወደ 42 ሲወርድ የ50ውን ጫፍ እንዳለ እንተወው ወይስ እናጥፋው? እኔ ይቀመጥ ባይ ነኝ። የሠራችሁት ካላችሁ ጻፉልኝ።